የቅዳሜ መምህራችን በእሁዱ ጉባኤ

መጥፎ አስተማሪ ቢሆን ኖሮ ንዴቴ ቶሎ በበረደልኝ። መጥፎ አስተማሪ ብዙ አይቻለሁ፤ ጥቁር ሰሌዳውን ሞልቶ ሳይዞር የሚወጣውንም፣ ፎቶ ኮፒ አድሎ የሚጠፋውንም። ይኼኛው ግን ጥሩ አስተማሪ ነበር። ስለ እሱ በተነሳ ቁጥር እስከ ዛሬ ፊቴን የሚያግለው ይኸው ነገር ነው። ያን ጊዜ ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር። እዚህ ግን አንተ ብዬ ነው የምጽፈው፤ አንባቢ ይታዘበኝ።

ዳባት ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኜ እሠራ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ሚኒባስ እየተሳፈርኩ ደባርቅ አንድ የግል ኮሌጅ እማራለሁ። ኮሌጁ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮና ሚስማር ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ ባለው ፎቅ ላይ ነበር። ከታች ቆርቆሮ ሲቆረጥ መምህሩ ንግግሩን አቁሞ ይጠብቃል፤ እኛም እጃችንን እፍ እፍ እያልን እናሞቃለን። የደባርቅን የጠዋት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በዚያ ሴሚስተር ከደረሱን ትምህርቶች ሁሉ የተፈራው የኮርፖሬት ፋይናንስ መግቢያ የሚባለው ነበር። ቀድመውን የተማሩት «ስሌቱ ያሳብዳል» ብለው አስፈራርተውናል። መምህሩ በመጀመሪያው ቀን አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ገባ፤ ስሙን ሳይነግረን፣ ስማችንንም ሳይጠራ፣ «ስንዴ በታኅሣሥ ከአውድማ ሲነሳና በሐምሌ ሲፈለግ ዋጋው አንድ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ቤተሰቦቹ አምባ ጊዮርጊስ እህል የሚነግዱ አንድ ተማሪ ሳቀ። «እንዴት ተደርጎ መምህር!»

«እንግዲያው የዛሬ ብርና የከርሞ ብርም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ጨረሳችሁ ማለት ነው» አለና ጠመኔውን አነሳ።

ፍርሃታችን እዚያው ለቀቀን። ሌላው መምህር ከባሕር ማዶ ኩባንያዎች ምሳሌ እየቀዳ የሚያደነቁረንን ነገር፣ እሱ ከምናየው ነገር እያመጣ ያስገባናል። የኪሳራ ሥጋትን ሲያስተምር ጎብኚ በጠፋበት ዓመት ለተራራ ጉዞ የሚያከራዩአቸውን በቅሎዎች ስለሸጡት ሰዎች አወራ። አጠገቤ የምትቀመጠው ስሜን ተራራ ላይ አምባራስ የምታስተምር ልጅ፣ ከሰፈሯ ድረስ በእግርና በመኪና ተንገላታ የምትመጣ፣ «እኔ ይኼን ሰው ለመስማት ብዬ ነው የምመጣው» ትለኝ ነበር። እኔም እንደሷ ነበርኩ።

ከሁሉም የማልረሳው አንዱን ቅዳሜ ነው። ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ ሣለና «ይህ ድፎ ዳቦ ነው» አለን። «ኩባንያው የማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ የሥራ አስኪያጁ ነው አለ፤ ሌላው የቦርዱ።

«የባለአክሲዮኑ ነው!» አለ ሰሌዳውን በመዳፉ መትቶ። «ሥራ አስኪያጅ ተቀጣሪ ነው። ቦርድ አደራ ተቀባይ ነው። አደራ ተቀባይ የራሱን ጥቅም ማየት የጀመረ ዕለት ኩባንያው ታመመ በሉ።» ከዚያ ዳቦውን እየቆራረሰ አሳየን። አዲስ አክሲዮን ሲወጣ ዳቦው ለብዙ ሰው ይቆረሳል፤ የነባሩ ሰው ቁራሽ ትቀጥናለች። ስለዚህ አዲሱ አክሲዮን በመጀመሪያ ለነባሮቹ መቅረብ አለበት፤ እነሱ አንፈልግም ካሉ ነው ወደ ውጭ የሚሄደው። በርካሽ ለወዳጅ ከተሸጠ ደግሞ፣ አለ፣ «ያ ሽያጭ አይደለም፤ ከነባሩ ሰው መሶብ ላይ ማንሳት ነው።» ይህን ቃል በቃል ጽፌዋለሁ።

እኔን ያሳደጉኝ አክስቴ ናቸው። ዕድሜያቸውን በነርስነት ዳባት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ከተማው ሁሉ ሲስተር ይላቸዋል፤ እኔ እትዬ እላቸዋለሁ። ጡረታ በወጡ ሰሞን ከደባርቅ የመጡ ሰዎች አዳራሽ ተከራይተው፣ በዳባትና በደባርቅ መካከል የዱቄት ፋብሪካ ሊሠሩ መሆኑን ነግረው አክሲዮን ሸጡ። የአገሩ ስንዴ ጥሬውን እየተጫነ ሄዶ ዱቄት ሆኖ በእጥፍ የሚመለስበት ነገር ይብቃ ሲሉ ማን እምቢ ይላል? አስተማሪውም፣ ነጋዴውም፣ ሹፌሩም ገዛ። እትዬም ገዙ። ጥቂቱን በእኔ ስም አስመዘገቡና «እኔ ስሞት መጨቃጨቅ እንዳይመጣብሽ» አሉኝ።

ፋብሪካው ግድግዳና ጣሪያ ሆኖ ቀረ። ያ ክፉ የጦርነት ጊዜ መጣ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ከዛሪማ በኩል የሚሸሸው ሰው ደባርቅን ሞላው። ያን ጊዜ ማንም ስለ ዱቄት አልጠየቀም፤ መጠየቅም አልነበረበትም። ነገር ግን ሰላም ሲመለስና መንገዱ ሲከፈትም ማሽኑ አልመጣም። በሚኒባስ ባለፍን ቁጥር እትዬ ወደ መስኮቱ ዞረው ያንን ባዶ ቤት ያዩታል።

ከዚያ የጠቅላላ ጉባኤ ጥሪ መጣ። እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ደባርቅ። እትዬ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው አብሬያቸው ሄድኩ።

አዳራሹ በፕላስቲክ ወንበር ተሞልቷል። ከፊት ከፍ ባለው ስፍራ የቦርዱ አባላት በታሸገ ውኃ ተከበው ተቀምጠዋል። ከጥግ በኩል፣ ያንኑ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠቅልሎ፣ የእኛ መምህር ተቀምጧል።

እመኑኝ፣ ደስ አለኝ። የእትዬን ክንድ ይዤ «እትዬ፣ ያ መምህሬ ነው! እሱ ካለ ነገሩ ይስተካከላል» አልኳቸው። እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው በኩራት አዩት፤ የልጃቸው መምህር ነዋ።

ሰብሳቢው መምህሩን የቦርዱ የፋይናንስ አማካሪ ብሎ አስተዋወቀው። ቀጠለና ያመጡትን የውሳኔ ሐሳብ አነበበ። ማሽን ለመግዛት አዲስ አክሲዮን ይወጣል፤ አዲሱ አክሲዮን «አቅም ላላቸው ስትራቴጂያዊ ባለሀብቶች» ይሸጣል፤ ዋጋውም የመጀመሪያው የምሥረታ ዋጋ ይሆናል። ባለሀብቶቹ እነማን እንደሆኑ አልተነገረንም። ከኋላችን የተቀመጡ የአምባ ጊዮርጊስ የእህል ነጋዴዎች ግን እየተንሾካሾኩ ነበር፤ አንደኛው የሰብሳቢው አማች ነው፤ ሌላኛው የምክትሉ ወንድም።

እትዬ እጃቸውን አወጡ። ማይክ ሲሰጣቸው ተነሥተው፣ እንደ ወትሯቸው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ልጆቼ፣ ለመማር ያህል ነው የምጠይቀው። ይህ አዲሱ አክሲዮን ለኛ ለነባሮቹ መጀመሪያ ለምን አልቀረበም? ደግሞስ የፋብሪካው መሬት እንዲህ ተወዶ እያለ፣ ለምን በዱሮው ዋጋ ይሸጣል?»

መምህሩን ሳየው ልቤ ሞቅ አለ። ጥያቄው የራሱ ጥያቄ ነው! አሁን ተነሥቶ ድፎ ዳቦውን ይሥልላቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። ማይኩን ተቀበለ፤ ፈገግ አለ።

«ሲስተር፣ እናከብርዎታለን» አለ። «ብዙዎቻችንን የወጉን እርስዎ ነዎት። ግን ይህ የመርፌ ሥራ አይደለም። ይህ ኮርፖሬት ፋይናንስ ይባላል። ለባለሙያ ይተዉልን።»

አዳራሹ ሳቀ። ፊት ያሉት በደንብ ሳቁ፤ መሐል ያሉት ፊት ያሉትን አይተው ሳቁ። እትዬ በእጃቸው ወንበሩን ፈልገው ቀስ ብለው ተቀመጡ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ማይክ አልሰጡኝም፤ ሳልቀበል ጮኼ ነው የተናገርኩት።

«መምህር፣ ይህን ያስተማሩን እርስዎ ራስዎ ነዎት!»

ሰብሳቢው «አንቺ ማነሽ? በማን ፈቃድ ነው የምትናገሪው?» አለ።

«ባለአክሲዮን ነኝ። ስሜ መዝገባችሁ ላይ አለ።» ወደ መምህሩ ዞርኩ። «አዲስ አክሲዮን መጀመሪያ ለነባሩ ይቀርባል አላሉንም? በርካሽ ለወዳጅ መሸጥ ከነባሩ ሰው መሶብ ላይ ማንሳት ነው አላሉንም? ታዲያ አክስቴ ከዚህ የተለየ ምን ጠየቁ?»

ሳቁ ቆመ። መምህሩ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት፤ ያሳፈረው ግን የሠራው ነገር አልነበረም፤ እኔ መናገሬ ነበር።

«ይህ ክፍል አይደለም» አለ። «ክፍል ውስጥ የምንለው ቲዎሪ ነው። እዚህ ያለው ኑሮ ነው። ልዩነቱን ስትመረቂ ታውቂዋለሽ።»

አንዳንዶች አጨበጨቡ። ሰብሳቢው ጊዜ የለንም አለና ወደ ድምፅ ሄደ። ብዙ አክሲዮን የያዙት እነሱው ናቸው፤ ሐሳቡ አለፈ።

ወደ ዳባት ስንመለስ እትዬ ከመስኮቱ በኩል ተቀመጡ።  ባዶውን ፋብሪካ ካለፍን በኋላ፣ «አዳራሹ ውስጥ ከፊት የነበረችውን፣ ቀይ ሹራብ የለበሰችውን አይተሻታል?» አሉኝ።

«የትኛዋን?»

«በጣም የሳቀችውን። እኔ ነኝ ያዋለድኳት። እግሯ ቀድሞ መጥቶ እናቷም እሷም ሊሞቱ ነበር። ወደ ጎንደር የሚወስድ መኪና ስላልተገኘ እዚያው እየጸለይኩ ነው ያወጣኋት።» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አደረጉ። «የተናገሩኝስ ይሁን። እሷ ግን ምን አስቋት?»

 

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ክፍል ስገባ ወሬው ቀድሞኛል። መምህሩ ገባ፤ ወደ እኔ አላየም። ትምህርቱን ጀመረና መሐል ላይ አቋርጦ፣ «አንዳንድ ሰው ትንሽ ዕውቀት ሲቀምስ አደባባይ ይዞት ይወጣል» አለ።  ሁሉም ደብተሩን አየ።

መምህሩ ሲወጣ የክፍሉ አለቃ ወደ እኔ መጣ። በአንድ ብድርና ቁጠባ የሚሠራ፣ ትልቅ ሰው፣ ባለትዳር ነው። ሌሎችም ከኋላው ቆመዋል።

«እባክሽ ይቅርታ በይው» አለኝ።

«ምን አድርጌ?»

«ምንም ባታደርጊም። ሰውየው ተቀይሟል። ሁላችንንም ነው የሚጥለን። እኔ ይህን ዲግሪ ለእድገት ነው የምፈልገው፤ ልጆች አሉኝ። ይቅርታ ብትይ ምን ይቀርብሻል?»

የአምባራሷ ጓደኛዬ መለሰችለት። «እሱ ይቅርታ ይበላቸው እንጂ! አሮጊቷን በአደባባይ አዋርዶ እሷ ይቅርታ ትጠይቅ?»

«ስለ ትክክልና ስሕተት አይደለም የማወራው» አለ አለቃው። «ስለ ውጤት ነው።»

እኔም «ይቅርታ አልጠይቅም» አልኩና ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ቁጣዬ በመምህሩ ብቻ አልነበረም። እነዚህ ሰዎች እኮ ከእኔ ጋር እዚያ ክፍል ተቀምጠው ኩባንያው የባለአክሲዮኑ ነው ሲባል ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁ የነበሩ ናቸው። ግማሾቹ የዚያው ፋብሪካ አክሲዮን በቤታቸው አላቸው።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። በቀጣዩ ቅዳሜ መምህሩ ገባ፣ ሻርፑን ፈታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ አየ።

«ይቅርታሽ ደርሶኛል» አለ። «ተቀብያለሁ። ወጣትነት ነው። ወደ ትምህርታችን እንመለስ።»

አለቃውን አየሁት። አንገቱን ደፋ። በስሜ ሄዶ፣ በስሜ ተለማምጦ፣ በስሜ ይቅርታ ጠይቆ መጥቷል! በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የተቃጠልኩበት ጊዜ የለም። መሰደብ ይቻላል። ያላልኩትን ብለሻል ተብሎ በዚያ ላይ ምሕረት ሲደረግልኝ ግን፣ ሰውነቴን ሌላ ሰው ለብሶት የወጣ መሰለኝ።

ተነሣሁ። «መምህር፣ እኔ ይቅርታ አልጠየቅሁም።»

«ምን አልሽ?»

«ማንንም አልላክሁም። የምጠይቀው ይቅርታ የለኝም። አክስቴ ግን ከእርስዎ ይቅርታ ይገባቸዋል።»

ከታች ቆርቆሮ መቁረጥ ጀመሩ። እንደ ልማዱ ድምፁ እስኪያልፍ ጠበቀ፤ እኔም ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ በእጁ ወደ በሩ አመለከተ። «ውጪልኝ።»

ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ፣ ነፋሱ ከስሜን በኩል እየገባ፣ ትምህርቱ እስኪያልቅ ተቀመጥኩ። አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው፤ ግን ለቅሶው የእልህ ነበር። ጓደኛዬ ስትወጣ የጻፈችውን ሰጠችኝና «ዛሬ ምንም አልገባኝም፤ እጄ ብቻ ነው የጻፈው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ፈተናው ድረስ ክፍል አላስገባኝም። እሷ ጻፈች፤ እኔ ከእሷ ገልብጬ ዳባት እያጠናሁ ቆየሁ።

ፈተናው ላይ ከነበሩት ጥያቄዎች አንዱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? «ለነባር ባለአክሲዮኖች የሚሰጥ የቅድሚያ የመግዛት መብት ጥቅሙ ምንድን ነው? በምሳሌ አስረዱ» የሚል። ቀድሞ አዘጋጅቶት ረስቶት ይሁን፣ ወይም ዓመት ዓመት የሚያወጣው ጥያቄ ይሁን አላውቅም። ምሳሌውን ከሩቅ መፈለግ አላስፈለገኝም። የዱቄት ፋብሪካውን ጻፍኩ፤ አዲሱን አክሲዮን፣ የድሮውን ዋጋ፣ አማቹንና ወንድሙን፣ ሁሉንም ደርድሬ ጻፍኩ። ወረቀቱ አልበቃኝም ብዬ ተጨማሪ ጠየቅሁ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ለማለፍ ያህል ብቻ አግኝቻለሁ። አቤቱታ አስገባሁ። የኮሌጁ ዲን ሽማግሌ፣ ትሑት ሰው ናቸው፤ የፈተና ወረቀቴን አስመጥተው መነጽራቸውን አድርገው እፊቴ እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«መልስሽ ልክ ነው» አሉኝ።

«ታዲያ ጌታዬ?»

«አጻጻፍሽ ግን ቁጣ ይበዛበታል። ፋይናንስ የረጋ መንፈስ ይፈልጋል።» ወረቀቱን አጥፈው መለሱና ውጤት መስጠት የመምህሩ ሥልጣን መሆኑን ነገሩኝ። የረጋ መንፈስ! የሰው ጥሪት በጠራራ ፀሐይ ሲወሰድ የረጋ መንፈስ ከየት እንደሚመጣ ልጠይቃቸው ብዬ፣ ሽምግልናቸውን አይቼ ተውኩት።

እትዬ ግን አልተዉትም። ያች ቀን ያሳፈረቻቸው መስሎኝ ሳስብ፣ እሳቸው ለካ ከአምባ ጊዮርጊሶቹ እህል ነጋዴዎችና ከጡረተኛ አስተማሪዎች ጋር ይነጋገሩ ኖሯል። አንድ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ተሰበሰቡና ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንድጽፍ ጠየቁኝ። ጻፍኩ። መምህሩ ያስተማረኝን እያንዳንዱን ቃል ተጠቀምኩበት፤ ቃላቱ ምን በደሉ? እትዬ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ደረጃ እየወጡ፣ ነገ ኑ፣ ኃላፊው ስብሰባ ነው፣ ኔትወርክ የለም እየተባሉ ተመላለሱ። ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ ድረስ ተመላለሱ።

በመጨረሻ የጉባኤው ውሳኔ ተሰረዘና አዲስ ጉባኤ እንዲጠራ ታዘዘ። አዲሱ አክሲዮን መጀመሪያ ለነባሮቹ፣ ያውም አሁን በተገመተ ዋጋ እንዲቀርብ። የሰፈሩ ሰው እንኳን ደስ ያላችሁ አለን። ነገር ግን ቦርዱ የመግዣውን ቀን በጣም አሳጠረው፤ ያውም ገበሬ እህሉን ሳይሸጥ፣ የመንግሥት ሠራተኛም ደመወዙን ለትምህርት ቤት ከፍሎ በጨረሰበት ወቅት። አብዛኛው ሰው መግዛት አልቻለም። ያልተገዛው ወደ ውጭ ወጣ፤ የገዙትም እነዚያው አማችና ወንድም ሆኑ። ከፍ ባለ ዋጋ ገዙ፤ ልዩነቱ እሱ ብቻ ነው። ማሽኑ ግን መጣ። ፋብሪካው አሁን ይሠራል፤ እትዬም ቁራሻቸው ብትቀጥንም ባለአክሲዮን ናቸው። አክሲዮንዎን ይሽጡልን ብለው ቤታቸው የመጡትን ሰዎች ሻይ አጠጥተው ባዶ እጃቸውን ሸኝተዋቸዋል።

መምህሩ ወደ ጎንደር ተዛውሮ ሄደ። እኔም ተመረቅሁ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ሆንኩ፤ ከእሱ የተማርኩትን በየቀኑ እሠራበታለሁ። ይህም ያናድደኛል።

አንድ ቀን ደባርቅ መናኸሪያ ከእትዬ ጋር መኪና ስንጠብቅ መምህሩ ከፊታችን መጣ። አየን፤ መሸሽ አልቻለም። ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለላቸው።

«ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። አንተስ ደህና ነህ? ልጆችህስ?»

«ደህና ናቸው፤ ይመስገን» አለና እኔን በጭንቅላቱ ሰላም ሊል ሞከረ። ፊቴን አዞርኩ። ለጥቂት ጊዜ ሻንጣውን ከእጅ ወደ እጅ እየቀያየረ ቆመና ወደ ጎንደር መኪና ሄደ።

«ለምን ሰላም አሉት?» አልኳቸው።

«ሰላምታ ብከለክለው ምን እጠቀማለሁ?» አሉኝ። «እንዲህ ስትቃጠይ ትኖሪያለሽ እንዴ? ተይው፤ እሱ ሄዷል።»

እሳቸው መተው ይችሉበታል። የተሳቀባቸው እሳቸው፣ ሰላም ያሉትም እሳቸው ናቸው፤ መብታቸው ነው። እኔ ግን ሰላም አላልኩትም፤ ዛሬም ባገኘው አልለውም።